በጎረቤት ጠብ ሰው ከመታሰሩ በፊት ይደመጥ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

በአጥር፣ በጋራ መግቢያ ወይም በፍሳሽ ቦይ የተነሣ ጠብ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ከማጣራት ይልቅ ማሰር የሚቀድምበትን አሠራር፣ በጥብቅና ሥራዬም ሆነ በሰፈር ሽምግልና ደጋግሜ ስላየሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በቆርቆሮ አጥር ይጋጫሉ፤ አንደኛው ቀድሞ ጣቢያ ይደርስና «ዛተብኝ፣ ንብረቴን አፈረሰብኝ» ብሎ ያመለክታል። ሌላው ዓርብ ከሰዓት በኋላ በስልክ ይጠራል፤ ቃሉን ሰጥቶ የሚመለስ መስሎት ይሄዳል፤ እዚያው ያድራል። ቤተሰቡ ምግብና ብርድ ልብስ ይዞ ይመላለሳል፣ የደመወዝ ዋስ ፍለጋ ዘመድ አዝማድ ያስቸግራል፤ ሰውየው ሰኞ ችሎት ቀርቦ በዋስ ይለቀቃል። ክሱ ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም፤ ቂሙ ግን ይቀራል። ታስሮ የወጣ ሰው ሽማግሌ ሲላክበት «በልጆቼ ፊት አሳስሮኝ ምን እርቅ አለ?» ይላል፤ ለዚህም መልስ አጥተን የተመለስንባቸው ጊዜያት አሉ።

ሕጋችን እንዲህ አላለም። በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1961) የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 25 መርማሪ ፖሊስ ተጠርጣሪውን በጽሑፍ መጥሪያ እንዲጠራ፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የተጠራው ሰው ሳይቀርብ ሲቀር እንዲያዝ ይደነግጋል። አንቀጽ 28 በቀላል ጉዳዮች ፖሊስ ራሱ በዋስ እንዲለቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተቀመጡት የ48 ሰዓት ገደብና የዋስትና መብት፣ እንዲሁም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚቀርበው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚደርሱት ግን ሰው ከተያዘ በኋላ ነው። በሐሰት ልታሰር ነው ብሎ የሚሰጋ ሰው አስቀድሞ የሚያንኳኳው የፍርድ ቤት በር የለውም።

ህንድ ይህን በር፣ ማለትም ሰው ከመያዙ በፊት ከፍርድ ቤት የሚጠይቀውን ዋስትና፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 438 ከፍታለች፤ ዛሬ ድንጋጌው በአዲሱ ሕጓ አንቀጽ 482 ሆኗል። የአገሪቱ የሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1969 ሐሳቡን ሲያቀርብ የሰጠው ምክንያት፣ ጉልበት ያላቸው ሰዎች ባላንጣዎቻቸውን ለማዋረድ ሲሉ በሐሰት እየከሰሱ ለጥቂት ቀናት ያሳስሯቸዋል የሚል ነበር። ዋስትናው የተፈቀደለት ሰው ለምርመራ በተጠራ ጊዜ እንዲቀርብ፣ ምስክር እንዳያስፈራራና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ሊታዘዝ ይችላል። የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ በማላያ (በዛሬዋ ማሌዥያ) በኩል ከህንዱ ጋር የቆየ ዝምድና አለው፤ ነገር ግን የወጣው ህንድ ይህን ድንጋጌ ከማስገባቷ 12 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው።

በሩ ለሁሉም ይከፈት ግን አልልም። ህንድ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1989 ዳሊት የሚባሉትን በትውልዳቸው የተገለሉ ሰዎችና የጎሣ ማኅበረሰቦችን ከጥቃት ለመጠበቅ ያወጣችው ሕግ በአንቀጽ 18 ይህን ዋስትና ከልክሏል፤ ምክንያቱም በአንድ መንደር ውስጥ ተከሳሹ ጉልበተኛ፣ ተበዳዩ ደካማ ሲሆን፣ ዋስትናው ለአስፈራሪው መከታ ይሆናል። በእኛም ዘንድ በሚስት፣ በሕፃናትና በሴቶች ላይ ለሚፈጸም ጥቃት፣ ለከባድ አካል ጉዳትም ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም። እኔ የምጠይቀው በግል አቤቱታ ለሚያስቀጡና ለቀላል የንብረት ጉዳዮች ነው፤ እዚያም ቢሆን ዳኛው ዋስትና ጠያቂውን ብቻ ሰምቶ ሳይሆን ለፖሊስ ያመለከተውን ሰውና መርማሪውን ጠርቶ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ይወስን።

ይህ የሕግ ማሻሻያ ይፈልጋል፤ ጊዜም ይወስዳል። አንቀጽ 25 ግን ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነውና፣ የጣቢያ ኃላፊዎች በአጥር ጠብ የተከሰሰን ሰው በስልክ ጠርተው ከማስቀረት ቀኑና ምክንያቱ የተጻፈበት መጥሪያ እንዲልኩለት፣ ዓቃቤያነ ሕግም ይህን እንዲከታተሉ በጋዜጣችሁ በኩል አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ