ለልጄ፦ ገዳይ ቅጠል ማግኘት ቀላል ነው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከተማችን መራዊም ደህና ናት። ለማሟያ ጽሑፍሽ በአገር በቀል ዕፅዋት ላይ ልትሠሪ እንደቆረጥሽ፣ የትኛውን በሽታ እንደምትይዢ ግን ገና እንዳልወሰንሽ ጽፈሽልኛል። ደስ ብሎኛል። ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ቤተ ሙከራ፣ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የትል እንቁላል ስፈልግ የኖርሁ ሴት ስለሆንሁ የማስበውን ሳልደብቅ ልንገርሽ።

ትልና ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚገድል ቅጠል ማግኘት ቀላል ነው፤ ደጋውም ቆላውም ሞልቶታል። ከባዱ፣ ተሕዋሱን ገድሎ ሰውየውን የማይነካውን ማግኘት ነው።

ኮሶን ተመልከቺ። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ኮሶ የየቤቱ መድኃኒት ነበር። እንግዳ መቀበል ያልፈለገ ጌታ እንኳ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባልለት ነበር። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተፈጭቶ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ትሉን ያስወጣል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ከእኛ ወስደው ያዝዙት ነበር። መጠኑ ሲበዛ ግን የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። ያልታደለው ትሉ ወጥቶለት ብርሃኑን ያጣል። ይህ የደረሰው አያቶቻችን አላዋቂ ስለነበሩ አይደለም። የሚሰፍሩት በእፍኝ ነበር፤ በአንዱ እፍኝ ውስጥ ያለው ኃይል ደግሞ ከሌላው እፍኝ ጋር እኩል አይደለም። ያንን የምትለኪው አንቺ ነሽ። ሥራሽ ይኸው ነው ብል አላጋነንሁም።

እንዶድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈው አዩ። ያ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድግበት ቤቱ ነው። ስንት ሰው በዚያ ወንዝ አጠገብ አልፏል! እርሳቸው ግን ቆመው ለምን ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እዚህ የቆጋን የመስኖ ቦዮችና ልጆች ሲንቦጫረቁባቸው ባየሁ ቁጥር እርሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ የመስኖ ውሃ ለበቆሎው እንደሚመቸው ሁሉ ለቀንድ አውጣውም ይመቸዋልና።

ሆኖም እንዶድ የውሃ መድኃኒት እንጂ የሰው መድኃኒት አይደለም። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የተባለው፣ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገር፣ ዓሣም ይገድላል፤ ቀይ የደም ሕዋስንም ያፈነዳል። በሰው ደም ሥር ውስጥ ያለውን የቢልሃርዝያ ትል የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን ነው። «እንዶድ ለሁሉም ያድናል» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ፣ አንቺው ይህን አስረጂው።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ የእንዶድ ፍሬ ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በራሱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ገዳዩ ዓይነት ይለውጠዋል። በአልኮል ከዘፈዘፍሽው ይህ ለውጥ አይመጣም፤ እንዶድም ዋጋ የለውም ብለሽ ትጥይዋለሽ። የቻይናዋ ሳይንቲስት ቱ ዩዩም ያጋጠማት ይህንኑ የመሰለ ነበር። ለወባ የተመረጠው ተክል አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሌላ ጊዜ ይከሽፋል። ከ1,600 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጌ ሆንግ የሕክምና ጽሑፍ ተክሉን በውሃ ዘፍዝፎ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን እንደማያዝ ስታነብብ፣ ሙቀቱ እያበላሸው ይሆናል ብላ በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ፣ ኤተር በተባለ ፈሳሽ አወጣችው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቁጥር 191 የተባለው ናሙና የወባውን ተሕዋስ በእንስሳት ላይ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን እንዲህ ተገኘ፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘች። ስለዚህ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ስትሄጂ «የትኛው ቅጠል?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። መቼ ይቀጠፋል? እርጥብ ነው ደረቅ? በምን ይበጠበጣል? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ይህን ሁሉ ጻፊ።

ምን በሽታ ልያዝ ላልሽው፣ እኔ ብሆን ካላ አዛርን፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የጥገኛ ተሕዋስ በሽታ፣ እይዝ ነበር። የእኛ ጎረምሶች ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። አሸዋ ዝንብ ነድፏቸው የሚመለሱት፣ ጣፊያቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው ከስቶ፣ ወባ ነው ተብለው ሲታከሙ ከርመው ነው። በአገራችን የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ ነው፤ አንዱ አንቲሞኒ የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ያለበት በመሆኑ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። በአፍ የሚወሰድና የማይጎዳ መድኃኒት ከየትኛውም ቅጠላችን ቢገኝ ለእነዚህ ልጆች ነፍስ ነው። በደጋው የሰውን ፊት የሚያበላሸውን ቁንጭርን የሚያመጣውም የዚሁ ተሕዋስ ዘመድ ነው፤ አንዱን ያጠና ስለሌላው ያውቃል። ታዲያ በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ተሕዋሱን ገደለ ብለሽ አትቸኩዪ። በዚያው ቀን፣ በዚያው መጠን፣ የሰው ሕዋስ ላይም ሞክሪው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳታስቀምጪ ውጤት አገኘሁ ብለሽ አትጻፊልኝ።

ለዕረፍት ስትመጪ የምወስድሽ አንድ መሪጌታ ዘንድ ነው። እጅግ ብዙ ያውቃሉ፤ ግን ቀደም ሲል አንድ አጥኚ መጥቶ የነገሩትን ሁሉ ጽፎ ከሄደ በኋላ ደግሞ አልታየም፣ ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ አይናገሩም። አልፈርድባቸውም። የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት እንዳለው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይደነግጋል። የፈቃዱን ወረቀት አስጨርሰሽ ይዘሽ ነይ፤ ስማቸው በጽሑፉ ላይ ይሰፍር እንደሆነም ከመጀመርሽ በፊት እርሳቸውን ጠይቂ።

እናትሽ፣ ከመራዊ