ቁልፉ አሁን እኛ ጋ ነው

ቦሌ አራብሳ፣ ሐምሌ መጨረሻ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሐዋሳ ተስማማቻችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልህም፣ አልደወልኩልህም። ምክንያቱን ልንገርህ። የእማማ ልቅሶ ላይ ድንኳኑ ውሃ ሲያስገባ፣ አንተ ሐዘንተኛው ሱሪህን ሰብስበህ ጭቃውን በአካፋ ስትገፋ አይቼሃለሁ። ነሐሴ ነበር። ከድንኳኑ ሃያ እርምጃ ላይ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ቤት ተቆልፎ ቆሟል። ኮሚናሉ፣ የኮንዶሚኒየማችን የጋራ መጠቀሚያ ቤት። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ማስከፈት ነበረብኝ፤ አላስከፈትኩም። ከዚያ ወዲህ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ያ ጭቃ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ይቅር በለኝ።

አሁን ተከፍቷል።

ታስታውሳለህ፣ ይሄ ቤት ከብሎኮቹ መሃል የተሠራው ፎቅ ላይ ለማይሆነው ነገር ሁሉ ነው፤ በግ ለማረድ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ለሰርግና ለልቅሶ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ቁልፉን ማን ይያዝ፣ ውሃ በጠፋ ቀን በምን ይታጠብ የሚለው ግን እኛ ሰፈር መልስ ሳያገኝ ቀረ። ቁልፉን ፍለጋ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስንመላለስ ከረምን። መጨረሻ ላይ የጋራ ሕንፃ አዋጁን፣ ቁጥር 370/1995ን፣ ይዘን ሄድን። የጋራ መጠቀሚያው የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ነው ይላል። ፈቃዱን አግኝተን ጓጉንቸሩን በመጋዝ ቆረጥነው።

ውስጡን ብታይ! እርግብ ሞልቶታል። ጥግ ላይ የተረሳ ሲሚንቶ ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኗል። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ የታሸገበት ፕላስቲክ እንኳን አልተነሳለትም። ውሃ ሳይወርድበት አርጅቷል። እሱን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ።

አንዳንዶች አፍርሰን አዲስ እንሥራ አሉ። እኔ ተቃወምኩ። ግድግዳው ስንጥቅ የለውም፣ መሠረቱ ደህና ነው። ሲሚንቶ ማምረት ብቻውን ከዓለም የካርቦን ልቀት ከመቶ 7 እስከ 8 የሚሆነውን ይይዛል። ያለን ብሎኬት ጥለን ሌላ ሲሚንቶ ምን ያስገዛናል? ሊሾውን ጠገንን፣ የዛገውን ቆርቆሮ ቀየርን፣ በቃ።

ወንዶቹ አዳራሹ ይቅደም አልን። የሴቶች እድር ደግሞ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መጋገሪያ አሉ። ልክ ነበሩ። ጣሪያው 120 ካሬ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። የሚባክነው ተቀንሶ እንኳን 100 ሺህ ሊትር ያህል ከዚያች ጣሪያ ይወርዳል፤ እስከዛሬ እየወረደ መንገዳችንን ጭቃ ሲያደርግ ነበር። አሸንዳ ገጠምን፣ ባለ 5 ሺህ ሊትር ሮቶ ሁለት ተከልን። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች እንለቃቸዋለን፣ አቧራና የወፍ ኩስ ይዘው ስለሚወርዱ። የቀረውን ለእቃና ለልብስ ማጠቢያ፣ ለሽንት ቤት እናውለዋለን። አይጠጣም። ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጢም ብለው ይፈሳሉ። የሚጨንቀኝ የበጋው ነው። ሦስተኛ ሮቶ እንፈልጋለን፣ ገንዘቡ ገና ነው።

መጋገሪያውም ሥራ ጀምሯል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ሁለት ሲሰካ ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ምርጥ ምድጃም አስገባን። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቆጥባል። የተዘጋውን ጭስ መውጫ ከፈትነው። ቅዳሜ ጠዋት ብትመጣ የጤፉ ሽታ ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ ያውድሃል። ማታ ማታ ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች እዚያው ያጠናሉ፣ የእድሩ አግዳሚ ላይ ተደርድረው።

ነሐሴ 18 የእማማ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። ከሴቶች እድር ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ አዳራሹ ያን ቀን ለእናንተ ተይዟል። ድንኳን አትከራይ። እንጀራውም እዚያው ይጋገራል። ልጆቹን ይዘህ ና። ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ። አውቶቡስ ከመሳፈርህ በፊት ብቻ ደውልልኝ፣ አያት ድረስ ወጥቼ እቀበልሃለሁ።

የሁልጊዜ ወንድምህ