የማረጥ ሙቀትና የቀፊራ አብሽ

ለአዘጋጁ፦

የማረጥ ምልክቶችን በባህል መድኃኒት ስለማስታገስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ማስረጃውን ዘሎታል። እዚህ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ፣ በማረጥ ጊዜ ድንገት ሙቀት ለሚወርራት ሴት አብሽና ጥቁር አዝሙድ "ለሙቀቱ ፍቱን ነው" እየተባለ ይሸጣል። በድሬ ፀሐይ የትኛው ሙቀት የአየሩ፣ የትኛው የሰውነት እንደሆነ መለየቱ ራሱ ቀላል አይደለም።

አብሽ ለማረጥ ስለመርዳቱ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ውጭ አገር ብዙ የተፈተነው ብላክ ኮሆሽ የተባለው ሥር እንኳ፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ 16 ጥናቶችን አይቶ ይሠራል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘም። እንዲህ ባሉ ጥናቶች መድኃኒት የሌለበት ክኒን የዋጡ ሴቶችም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላቸዋል። "ጎረቤቴን አሽሏታል" ማለት ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አብሽ አይጠጣ አላልኩም። ግን የደም ስኳር ያወርዳል፤ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከልክ በላይ ሊወርድባት ይችላል። የወር አበባ ዓመት ሙሉ ቀርቶ ደም ከታየ ደግሞ ነገሩ የአብሽ ጉዳይ አይደለም፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ጤና ጣቢያዎቻችን ከ45 ዓመት በላይ የሆኑ እናቶችን "ቤት ውስጥ ምን ይጠጣሉ?" ብለው ይጠይቁ። መልሱንም ከሚወስዱት መድኃኒት ጎን ካርዳቸው ላይ ይጻፉት።

አንዲት አንባቢ፣ ከድሬዳዋ