መጋጠሚያውም የራሱ መዝገብ ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የፋብሪካ ምህንድስና መረጃን በኦንቶሎጂ (ነገሮችን በየዓይነታቸውና በግንኙነታቸው ኮምፒውተር እንዲረዳው አድርጎ በሚገልጽ ሥርዓት) ስለማደራጀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ፓምፑም፣ ቫልቩም፣ ቧንቧውም በየዓይነታቸው እንዴት እንደሚመደቡ በሚገባ ቢያስረዳም፣ በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ግን «የተያያዘ» በሚል አንድ ቃል አልፎታል። በዚህ ሥራ ለዓመታት እንደቆየ ሰው፣ ችግሩ የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው እላለሁ።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ድርጅት መዝገቡ ፓምፑ ከመምጠጫ ቧንቧው ጋር «ተያይዟል» ይል ነበር። ፓምፑ በሌላ ሲተካ ይኸው ቃል እንዳለ ተገለበጠ። የአዲሱ ፓምፕ ባለ 4 ኢንች ፍላንጅ (በቡሎን የሚታሰረው የመጋጠሚያ ከንፈር) የግፊት ደረጃው 300፣ የቧንቧው ግን 150 ነበር። ሁለቱም 8 ቡሎን ይወስዳሉ፤ ሆኖም የአንዱ ቡሎን 3/4 ኢንች፣ የሌላው 5/8 ኢንች ሲሆን፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋትም ስለሚለያይ ቀዳዳ ከቀዳዳ አይገጥምም። መዝገቡ ስለ ፍላንጁ ፊት፣ በሁለቱ ፍላንጆች መካከል ስለሚገባው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) እና ስለ ቡሎኖቹ የሚናገርበት ቦታ ስላልነበረው፣ ስህተቱ የታወቀው ሠራተኞቹ መፍቻ ይዘው ከቆሙ በኋላ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢሶ 15926 (የፋብሪካ መረጃ አያያዝ ዓለም አቀፍ መስፈርት) ክፍል 2 ግንኙነትን ሁለት ወገኖች ያሉት፣ ራሱን የቻለ ነገር አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ቀጥተኛውንም በሌላ ነገር በኩል ከሚሆነው ይለያል። ፓምፑና ታንከሩ በቧንቧ አማካይነት ቢገናኙም ፊት ለፊት አይነካኩም፤ ፍላንጅና ፍላንጅ ግን ይጋጠማሉ። ሁለቱ በአንድ ስም ከተጻፉ፣ አንድን መጋጠሚያ ለመክፈት የትኛው ቫልቭ መዘጋት እንዳለበት ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም። (የፈሳሹ አቅጣጫም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወገን አንድና ወገን ሁለት መባሉ ከየት ወደ የት እንደሚፈስ አይናገርም።)

ከዚህ ሌላ የጊዜ ጉዳይ አለ። በንድፉ ላይ «ፒ 101» የተባለው የፓምፕ ቦታ ከቧንቧው ጋር ያለው ግንኙነት ንድፉ እስካልተለወጠ ድረስ ይቆያል፤ በዚያ ቦታ የተተከለው፣ የራሱ የፋብሪካ ቁጥር ያለው ፓምፕ ግንኙነት ግን ቡሎኑ በታሰረበት ቀን ተጀምሮ በተፈታበት ቀን ያበቃል። ሁለቱን ያልለየ መዝገብ ጓርኒሲዮኑ መቼ እንደተቀየረ ሲጠየቅ የወጣውን ፓምፕ ታሪክ ለገባው ይሰጣል።

እያንዳንዱ መጋጠሚያ እስከ ቡሎኑ ይመዝገብ ማለቴ አይደለም፤ ድካሙን አውቀዋለሁ። ግፊት የሚሸከሙትና ለጥገና በየጊዜው የሚከፈቱት ግን ሊዘለሉ አይገባም። ዝግጅት ክፍሉ ወደዚህ ርዕስ ሲመለስ ይህንን ጉዳይ በሰፊው እንዲያነሳው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የምህንድስና መረጃ ባለሙያ