ንጉሥ ያልገባበት ግንብ

ለልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በሰላም ገብቻለሁ። የላክኸውን ሹራብ እናትህ ሻንጣው ተራግፎ ሳያልቅ ለብሳው ጎረቤት ሄደች።

ይህን የምጽፍልህ ስለዚያ ረቡዕ ነው። እንግሊዝ አገር ካለው ከኤጅሂል ስንመለስ መኪና ውስጥ አንድም ቃል ባለመናገሬ «አባቴ ሳይቀየመኝ አልቀረም» ብለህ ለእናትህ በስልክ ነግረሃታል። እውነትህን ነው፤ ተቀይሜ ነበር። እስከ መንገዱ አጋማሽ ብቻ ግን።

«ግንብ ላሳይህ» አልኸኝ። ለጎንደር ግንበኛ ግንብ ላሳይህ ማለት ቄስን መስቀል ላሳልምህ እንደ ማለት ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ሌሊቱን ስንት ነገሥታት እንደኖሩበት ስገምት አደርሁ። ስንደርስ ከገደሉ አፋፍ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው ማማ ቆሟል፤ አናቱ ጥርስ ጥርስ ሆኖ የተከረከመ፣ ከጎኑም እንደ ታናሽ ወንድም የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ማማ አለ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። «የማን ቤተ መንግሥት ነው?» ብዬ ስጠይቅህ ሳቅህ። «የማንም አይደለም። ለዓይን ተብሎ የተሠራ ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ፎሊ ይሉታል፤ ሞኝነት ማለት ነው። አሁን መጠጥ ቤት ሆኗል።» ባርኔጣዬን መልሼ አጠለቅሁ።

ከዚያ ታሪኩን ነገርኸኝ። ከአፋፉ ሥር ባለችው በራድዌይ መንደር ይኖር የነበረ ሳንደርሰን ሚለር የሚባል ባለ ርስት የዎሪክን ቤተ መንግሥት ማማ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ በዚያው አምሳል አሠራው። ቦታውም ያለ ምክንያት አልተመረጠም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1642 ቀዳማዊ ቻርልስና የፓርላማው ጦር በእርስ በርስ ጦርነታቸው የመጀመሪያውን ትልቅ ውጊያ የገጠሙት ከሥሩ ባለው ሜዳ ነው፤ ንጉሡ ሰንደቁን የተከለው ማማው ካለበት ላይ ነበር ይባላል። ማማው የተመረቀው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1750፣ የንጉሡ ጠላት ኦሊቨር ክሮምዌል በሞተበት ዕለት ነው። ቂም እንዲህ ነው እንጂ! መቶ ዓመት ያህል አልፎትም ቀን ቆጥሮ ያስመርቃል።

እኔ ግን በልቤ ሌላ እቆጥር ነበር። በ1642 ፋሲል ከነገሠ 10 ዓመቱ፣ ጎንደርን ከቆረቆረ ገና 6 ዓመቱ ነው። የእኛው የሚኖርበትን ሲያስገነባ የእነርሱ ሜዳ ላይ ለዙፋኑ ይዋጋል፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላ አንገቱን ቆረጡት። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያንን ከጎንደር ሲያስወጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የእያሱን ግንብ መደብደባቸውም ትዝ አለኝ። የሰውን እውነተኛ ግንብ ደብድቦ የራስን የውሸት ግንብ መንከባከብ! አኩርፌ የተቀመጥሁት ለዚህ ነው። ይባስ ብለህ ይኸው ሚለር ሃግሊ በሚባል ቦታ ሆን ተብሎ የፈረሰ መስሎ የሚታይ አዲስ ግንብ እንደነደፈ ነገርኸኝ። እኔ የፈረሰ ግንብ ሠርቼ ባስረክብ ኖሮ የቀን ሒሳቤን ማን ይከፍለኝ ነበር?

ጾም መሆኑን ረስተህ የሥጋ ምግብ ልታዝልኝ ስትል ድንች ይበቃኛል አልሁህና ወደ ውጭ ወጣሁ። ተናድጄ የወጣሁ መስሎህ ነበር። ግድግዳውን ልነካ ነው የወጣሁት።

ድንጋዩ ብረት ስላለበት ቀለሙ ወደ ጠጅ ይሄዳል፤ የእኛ ጥቁር ድንጋይ እንዲህ አይሞቅም። ጥጉ ላይ ቆምሁ። የስምንት ማዕዘን ጥግ በማዕዘን መለኪያ አይወጣም፤ 90 ሳይሆን 135 ዲግሪ ነው። ሰነፍ ግንበኛ ሁለት ድንጋይ ጥጉ ላይ ያጋጥምና ይሄዳል፤ ውሎ አድሮ እዚያው ይሰነጠቃል። ይህ ሰው ግን አንዱን ድንጋይ ለሁለቱም ፊት ጠርቦታል። አንዱን ረድፍ ወደ ቀኝ፣ የሚቀጥለውን ወደ ግራ እያስረዘመ አያይዞታል። ጣቴን በመጋጠሚያው ላይ ሳስኬድ ጥፍሬ እንኳ አልያዘም። ቱምቢዬን ባለመያዜ ተናደድሁ። ንጉሥ ይግባበት ሰካራም፣ ጠራቢው ግድ አልሰጠውም። ወይም ነግረውት ስቆ ይሆናል፤ ሥራውን ግን አላላላም።

ስመለስ ቢራው ቀርቦ ነበር። አስተናጋጇ እንደ ጉድጓድ ውኃ በእጅ እየሳበች የቀዳችው፣ ያልቀዘቀዘ፣ ምሬቱ ጌሾ ከበዛበት ጠላ የማይርቅ። ቤቱ ከ1822 ጀምሮ እንግዳ ሲያስተናግድ ኖሯል አልኸኝ። እንግዲህ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው የገባበትን ቤት ባዶ ነው ልለው አልችልም፤ የእኛው ግቢ እንኳ አሁን የሚገባበት በትኬት ነው። መኪና ውስጥ ዝም ያልሁት ከግማሽ መንገድ በኋላ ስለ ጥጉ እያሰብሁ ነው። አንተ ሬዲዮ ከፈትህ።

አሁን አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። ያነሳኸኝ ፎቶ ላይ ጥጉን በትከሻዬ ከልዬዋለሁ። ሲመችህ ሂድና ያለ እኔ አንሳው። ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብለህ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ሳንቲም አስጠግተህ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ይዩት።

እናትህ መጠጥ ቤት ደግሞ እንዳይሄድ ብላለች። ለድንጋዩ ነው ብዬ አስረድቻታለሁ፤ አላመነችኝም።

አባትህ