ቅዳሜ ፒያሳ፦ በጋራ ሃርድ ዲስካችን ጉዳይ እንወስን

ሰላም ለሁላችሁ፤ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ፒያሳ የተለመደው ጌም ቤት እንገናኝ። የምንወስነው አንድ ነገር ነው፦ ሃርድ ዲስካችን ላይ ካሉት ጌሞች የቱ ይቆይ፣ የቱ ይጥፋ?

«ዩዙ የት ገባ?» እያላችሁ በውስጥ ለምትጠይቁኝ፦ ዩዙ ስዊች የተባለውን የኒንቴንዶ ጌም ማሽን ጌሞች ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ኢሙሌተር (የጌም ማሽንን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) ነበር። ኒንቴንዶ በየካቲት 2016 ሠሪዎቹን አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ፤ በሳምንቱ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተው ዘጉት። የእነሱው ሌላ ኢሙሌተር ሲትራም አብሮ ሄደ። ሌላው የስዊች ኢሙሌተር ርዩጂንክስም መስከረም 2017 ላይ ቆመ። ይህ ማለት ግን ኢሙሌተር ሁሉ ወንጀል ነው ማለት አይደለም። ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር የሠራውን ኮኔክቲክስ የተባለ ድርጅት በከሰሰበት ጉዳይ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. የፈረደው ለኮኔክቲክስ ነው። የዩዙ ክስ ያተኮረው የስዊች ጌሞች የተቆለፉበትን መከላከያ በማለፉ ላይ ነበር። ከየትም የወረደ የጌም ፋይል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የእኔ ሐሳብ፦ ሲዲው በእጃችን ያለው ይቆይ፣ የስዊቹ በሙሉ ይጥፋ። የድሮዎቹን ማጣት ግን አልፈልግም፤ የእኔ ፕሌይስቴሽን 1 እኮ ማሽኑን ራሱን በጀርባው ካላዞርኩት ሲዲ አያነብም፣ እሱም ከሞተ ያለ ኢሙሌተር ምን ቀረኝ?

ያላችሁን ኦሪጅናል ሲዲ፣ ላፕቶፕና ጆይስቲክ ይዛችሁ ኑ። ላፕቶፑን ሞልታችሁ አምጡ፣ መብራት አይታመንም። የአገራችንን የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አትሜ አመጣለሁ።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉ። የማትመጡም «ይቆይ» ወይም «ይጥፋ» በሉና ድምፃችሁ ይቆጠር።