መርፌውን አቁም፣ ልጄ

ልጄ ናትናኤል፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ከአንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። የሱሉልታ ብርድ ጀምሯል፤ ድርቆሹም ታጭዶ ተከምሯል። ስልክ ብደውል «አባዬ ሥራ ላይ ነኝ» ብለህ ስለምትዘጋብኝ በእህትህ እጅ ይህን ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

ለመስቀል መጥተህ የረሳኸውን ጃኬት እናትህ ልታጥብ ስትል ኪሱ ውስጥ ባዶ ብልቃጥና መርፌ አገኘች። «ልጄን ስኳር ይዞት ደብቆን ነው» ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። እኔ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፤ ቴስቶስተሮን ይላል፣ የወንድነት ሆርሞን። ትከሻህ በአንድ ጊዜ እንደዚያ የሰፋው፣ ጀርባህን ብጉር የወረሰው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ለእሷ ቫይታሚን ነው ብያታለሁ፤ ይህን ውሸት ግን እስከ ቅዳሜ እንጂ ከዚያ በላይ አልሸከምልህም። መርፌውን አቁም።

አሰልጣኝህ «ምንም አይልም» እንዳለህ እገምታለሁ። እሱ ብረት ማንሳት ያውቅ ይሆናል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ ሴል ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አንተንም አስተምሬሃለሁ፤ ከኋላ ተቀምጠህ ታንቀላፋ እንደነበር አልረሳሁም።

ሰው የሚያድገው ሴሎቹ ስለሚከፋፈሉ ነው ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን ሳይከፋፈሉ መቆየታቸው ነው። አንድ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት በጎጃም መንገድ እንደሚሄድ የጭነት መኪና ኬላ ላይ ይቆማል። መጠኑ ደርሷል ወይ? ምግብ አለ ወይ? ከውጭ «ተከፈል» የሚል መልእክት መጥቷል ወይ? የዘር መመሪያውን የያዘው ዲኤንኤው ደህና ነው ወይ? ይህን ካለፈ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ግልባጩ በትክክል ማለቁ እንደገና ይታያል። ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው 46ቱም ክሮሞዞሞች ከሚጎትቷቸው ክሮች ጋር በወጉ ካልተያያዙ መለያየት የለም። ጉዳት ከተገኘ ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ሴሉን አቁሞ እንዲጠገን ጊዜ ይሰጠዋል፤ የማይጠገን ሲሆን ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ በሚያህሉት ውስጥ የዚህ ፕሮቲን ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ይህን ሥርዓት ሊላንድ ሃርትዌል የደረሰበት በዳቦ እርሾ ላይ ነው፤ እናትህ ጠላ ስትጠምቅ የሚፈላው ዓይነት እርሾ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከቲም ሃንትና ከፖል ነርስ ጋር ኖቤል ተሸለመበት።

አንተ የምትወጋው እንግዲህ ከውጭ የሚመጣውን መልእክት ነው፤ ሆርሞን ማለት ለሴል የሚላክ መልእክት ነውና። ሰውነት መልእክቱን በልክ ነው የሚልከው። ከውጭ ሲንቆረቆርበት አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ «በቂ አለ» ብላ ትዕዛዟን ታቆማለች። ያን ጊዜ የዘር ፍሬህ ሥራ ይፈታል፣ ይሟሽሻል፣ ዘርህም ይቀንሳል። ነገ አግብተህ ልጅ ልትወልድ የምታስብ ሰው ነህ! ጡንቻህ ደግሞ ሲወፍር ክሩ ራሱ አይከፋፈልም፤ አጠገቡ ያሉ ትንንሽ ሴሎች ተከፋፍለው ይቀላቀሉታል። ልብ ግን እንዲህ ያለ አጋዥ የለውም ማለት ይቻላል። የልብ ሴል ያው ራሱ ይወፍራል፣ ግድግዳው ይደነድናል። ክንድህ ሲያብጥ በመስታወት ታየዋለህ፤ ልብህን በምን ታየዋለህ?

አጎትህ ጋሽ ተሾመ በምን እንደሞተ ለእናንተ «በወገብ ሕመም» ነው የተባለው። አሁን አድገሃልና እወቀው። ፕሮስቴት ካንሰር ነበር፣ ከወንድ ፊኛ ሥር ካለችው ዕጢ ተነስቶ አከርካሪው ድረስ የገባ። ሐኪሙ ጠርቶ ነገረው፦ ይህ ካንሰር የሚኖረው በቴስቶስተሮን ነው፤ ቻርልስ ሃጊንስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 አሳይቶታል፣ በ1966 ኖቤል ያገኘው በዚሁ ነው፤ ስለዚህ ምንጩ፣ ማለትም የዘር ፍሬው፣ ይቆረጥ። ጋሽ ተሾመ የፈረስ ሰው፣ በጥምቀት ልጓም ይዞ ሲወጣ ሴቱ ወንዱ የሚያየው ሰው፣ «ወንድነቴን ይዤ ልሙት» ብሎ ተመለሰ። ለማንም አልተናገረም። ያንን ክረምት በሙሉ ኮርቻ ቀርቶ አልጋ ላይ መገላበጥ አቅቶት በጋቢ አንስተን ነበር የምናዞረው። እኛ ወገቡ መስሎን ቅቤ እናሸዋለን። አንድ ሌሊት ብቻዬን ሳድርበት ነገረኝ፤ በነጋታው ይዤው ወረድኩ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሥቃዩ ቀለለ፣ ተነስቶ ተቀመጠ፣ ሽሮ አምጡልኝ አለ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ፋሲካ አብረን ፈሰክን። ያ ክረምት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ እላለሁ። ፈረሱን ማን እንደገዛው ታስታውሳለህ? ያ የጫንጮው ሰውዬ ነው፤ ዋጋውን እንኳ አሟልቶ አልከፈለም።

መርፌህ የጋሽ ተሾመን በሽታ ያመጣብሃል አላልኩም፤ እንደዚያ ብል ውሸት ይሆናል። ግን እሱ ለመኖር ሲል ያስቆረጠውን አንተ ደመወዝህን ከፍለህ ትወጋዋለህ። እኔ ይህን ማየት አልችልም። አቁም።

አሁን የምልህን አድርግ። ብልቃጡን ሳትጥል ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድና ስንት ወር እንደወሰድክ እውነቱን ንገረው። ስታቆም ሊደብርህ፣ ጉልበት ሊያጥርህ ይችላል፤ ሰውነትህ የራሱን ማምረት እስኪጀምር ወራት ሊወስድ ይችላልና ብቻህን አትጋፈጠው። የደም ግፊትህን ተለካ። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ኮሌስትሮልና የቀይ ደም ሴል ብዛትህ ይታይ። የዚሁ ዓይነት ክኒንም ጀምረህ ከሆነ አትደብቅ፤ ጉበት ላይ የሚከፋው እሱ ነው። መርፌ ከጓደኛ ጋር ተጋርተህ ከሆነ ኤችአይቪና ሄፓታይተስም ተመርመር። ገንዘብ ካጠረህ ለእህትህ ንገራት፣ ሰጥቻታለሁ።

ስፖርቱን አትተው፤ እኔ ስፖርት አልጠላም። እዚህ ሜዳው ላይ በየማለዳው የሚሮጡትን አትሌቶች አያለሁ፤ አንተ የምትወጋውን ቢነኩ ይታገዳሉ። እንቁላልህን ብላ፣ በጊዜ ተኛ። ቀጭን ሆነህም ልጄ ነህ።

ቅዳሜ ስትመጣ ከአዲሱ ገበያ በጊዜ ተሳፈር፤ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ አይቻልም። የምርመራውን ወረቀት ያዝ፤ የእናትህ የግፊት መድኃኒትም አልቋልና የአንድ ወር ግዛላት።

አባትህ